ኤፍ-105 ተንደርቺፍ በቬትናም ለምን ያን ያህል ጠፋ?

የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «ኤፍ-105 ተንደርቺፍ ከድምፅ ፍጥነት እጥፍ በላይ የሚበርና ከባድ ቦምብ የሚሸከም አውሮፕላን ሆኖ ሳለ፣ በቬትናም ጦርነት ከተመረቱት ግማሽ የሚጠጉት እንዴት ጠፉ? ችግሩ የአውሮፕላኑ ነበር ወይስ የአጠቃቀሙ?»

ሁለቱም ድርሻ ነበራቸው፤ በእኔ ግምት ግን የአጠቃቀሙ ድርሻ እጅግ ይበልጣል። ይህ አውሮፕላን የተነደፈው አንድ የኒውክሌር ቦምብ በሆዱ ይዞ፣ ለብቻው፣ መሬት ታክኮ እየከነፈ፣ የጠላት ራዳር ሳያየው ገብቶ ቦምቡን ጥሎ እንዲመለስ ነበር። በቬትናም ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በብዛት ተሰልፎ፣ ተራ ቦምቦችን ከውጭ አንጠልጥሎ፣ ጠላት አስቀድሞ በሚያውቀው መንገድ ወደ ተመሳሳይ ዒላማዎች ደጋግሞ እንዲመላለስ ተደረገ። በንድፉ ውስጥ የነበሩት ድክመቶች ገዳይ የሆኑት በዚህ የሥራ ለውጥ ምክንያት ስለሆነ፣ ከንድፉ መጀመር ግድ ይላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪፐብሊክ አቪዬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሥራውን የጀመረው በ1951 በራሱ ተነሳሽነት ሲሆን፣ የንድፍ ቡድኑን የመራው በትብሊሲ የተወለደው ጆርጂያዊው መሐንዲስ አሌክሳንደር ካርትቬሊ ነበር። ካርትቬሊ ቀደም ሲል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀውን ፒ-47 ተንደርቦልት፣ ከዚያም የኤፍ-84 ጄቶችን የነደፈ ሰው ነው። ኤፍ-84ኤፍ የኒውክሌር ቦምብ መሸከም ቢችልም ቦምቡ ከውጭ ስለሚንጠለጠል ፍጥነቱን ይቀንስበት ነበር። የካርትቬሊ ሐሳብ ቦምቡን እንደ ትልልቆቹ ቦምብ ጣዮች በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ መክተት ነበር፤ ይህ ከሆነ አውሮፕላኑ ቦምቡን እንደያዘ ከድምፅ ፍጥነት በላይ መብረር ይችላል። አራት ሜትር ከሰማንያ የሚሆነው የቦምብ ክፍል የአውሮፕላኑን ቅርጽ በሙሉ ወሰነ፤ ኤፍ-105ን በዘመኑ ከነበሩት ባለ አንድ መቀመጫና ባለ አንድ ሞተር የውጊያ አውሮፕላኖች ሁሉ ትልቁ ያደረገውም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የሙከራ አውሮፕላን በጥቅምት 22 ቀን 1955 ተነሥቶ በዚያው በመጀመሪያ በረራው የድምፅን ፍጥነት አለፈ። የአየር መቋቋሙ ግን ከተጠበቀው በላይ ነበር። በዚያ ወቅት የኋላው ናሳ ቀዳሚ በሆነው ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ዊትኮምብ አንድ ትልቅ ነገር ደርሶበት ነበር፤ በድምፅ ፍጥነት አካባቢ የአየር መቋቋምን የሚወስነው የክንፉ ወይም የአካሉ ቅርጽ ለየብቻው ሳይሆን፣ አውሮፕላኑ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በየቦታው ቢቆረጥ የሚገኘው ጠቅላላ ስፋት ምን ያህል ሳይንገጫገጭ እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ነው። ክንፉ ሲጀምር ይህ ስፋት በድንገት ስለሚያድግ፣ አካሉ እዚያ ላይ መቅጠን አለበት። ሪፐብሊክ ይህንን ተቀብሎ የአውሮፕላኑን ወገብ አቀጠነው፤ ሞተሩንም ብርቱ በሆነው በፕራት ኤንድ ዊትኒ ጄ-75 ተካው። ኤፍ-105ቢ የተባለው ይህ ዓይነት በግንቦት 26 ቀን 1956 በረረ፤ በ1958 ደግሞ ወደ አገልግሎት ገባ። ወደ ፊት የተሾለው የአየር ማስገቢያው በክንፉ ሥር ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ በጭስ መውጫው ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል የሚከፈቱ አራት የፍጥነት መግቻዎች ነበሩት። ከሩቅ የሚያየው ሰው ኤፍ-105ን ከሌላ የማይሳሳተው በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው።

በብዛት የተመረተውና የቬትናምን ጦርነት የተሸከመው ግን በሰኔ 1959 የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ኤፍ-105ዲ ነው። ከተመረቱት 833 አውሮፕላኖች 610ሩ የዚህ ዓይነት ነበሩ። አፍንጫው ተረዝሞ ትልቅ ራዳር ገባበት፤ ከራዳሩ ጋር የተያያዘው የመምሪያና የማነጣጠሪያ ሥርዓት አብራሪው በሌሊትና በደመና ውስጥ ዒላማውን እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነበር። በጭስ መውጫው ውስጥ ተጨማሪ ነዳጅ የሚያቃጥለው አፍተርበርነር ሲለኮስ ሞተሩ 11 ቶን ያህል ግፊት ይሰጣል። ከውጭ ምንም ሳይሸከም በ11,000 ሜትር ከፍታ ላይ የድምፅን ፍጥነት እጥፍ አልፎ ማክ 2.08 ይደርስ ነበር፤ በባሕር ጠለል ላይ ደግሞ ማክ 1.1። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ያነሰ ቢመስልም በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚያስደንቀው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ከታች ያለው አየር ወፍራም ስለሆነ በዚያ ከፍታ ከድምፅ ፍጥነት በላይ መብረር የቻሉ የዘመኑ አውሮፕላኖች ጥቂት ነበሩ። ስድስት ቶን ከግማሽ ገደማ የጦር መሣሪያ መሸከም ይችል ነበር፤ በዚህ ላይ በደቂቃ 6,000 ጥይት የሚተፋው ባለ ስድስት አፈሙዝ ቩልካን መድፍና 1,028 ጥይቶች ነበሩት። በዚያ የተኩስ ፍጥነት የመድፉ ጥይት ሁሉ በአሥር ሰከንድ ያልቃል።

የክንፉን ነገር ጠያቂው ልብ ቢለው መልካም ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ ኤፍ-105ዲ ከ23 ቶን በላይ ሲመዝን ክንፉ ከ36 ካሬ ሜትር ያነሰ ነበር፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 660 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። ይህ ስህተት አልነበረም፤ ታስቦበት የተደረገ ምርጫ ነው። ሰፊ ክንፍ ያለው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በፍጥነት ሲበር የአየሩ ንፋስ እያነሣ ያፈርጠዋል፤ አብራሪውም መሣሪያውን ማንበብ ያቅተዋል። ትንሽ ክንፍ ያለው ግን አየሩን ሰንጥቆ ሳይናወጥ ያልፋል። ዋጋው ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለመነሣት ረዥም አስፋልት ይፈልጋል፤ ሁለተኛ፣ በጠባብ ቦታ መዞር አይችልም። ለብቻው ገብቶ ለሚወጣ የኒውክሌር አጥቂ መዞር አስፈላጊ አልነበረም። ከታች እየበረረ በድንገት ሽቅብ ወጥቶ ቦምቡን ይወረውርና ተገልብጦ በመጣበት አቅጣጫ ያመልጣል፤ ሥራው ይህ ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በምዕራብ ጀርመን በቢትቡርግና በሽፓንግዳህለም፣ በኦኪናዋ ደግሞ በካዴና የሰፈሩት የኤፍ-105 ክፍሎች ለዚሁ ግዳጅ ተዘጋጅተው ይጠባበቁ ነበር።

እንግዲህ ይህ አውሮፕላን ነው በመጋቢት 2 ቀን 1965 በተጀመረው ሮሊንግ ተንደር የተባለ የቦምብ ዘመቻ የአሜሪካ አየር ኃይል ዋና ክንድ የሆነው። ከታይላንድ ታክሊና ኮራት የአየር ሰፈሮች እየተነሣ፣ በመንገዱ ከኬሲ-135 አውሮፕላኖች ነዳጅ እየሞላ፣ ሰሜን ቬትናምን መደብደብ ጀመረ። ለኒውክሌር ቦምብ በተሠራው ክፍል ውስጥ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ገባ፤ ቦምቦቹ እያንዳንዳቸው 340 ኪሎ የሚመዝኑ ሆነው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት እየሆኑ ከሆዱ ሥር ተንጠለጠሉ፤ በክንፎቹ ሥር ደግሞ ሌሎች ታንኮች ተሰቀሉ። በዚህ አኳኋን የካርትቬሊ ንድፍ መሠረታዊ ጥቅሙን አጣ። ይህን ሁሉ ከውጭ የተሸከመ ኤፍ-105 ወደ ዒላማው የሚሄደው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው። ከድምፅ በላይ የመብረር ችሎታው ዋጋ ያገኘው ቦምቡን ከጣለ በኋላ፣ ወደ መሬት ወርዶ ከተከታዮቹ ለማምለጥ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከታች ሊደርስበት የሚችል የሰሜን ቬትናም አውሮፕላን አልነበረም ማለት ይቻላል።

በሚያዝያ 3 ቀን 1965 በሃም ሮንግ ድልድይ ላይ የተደረገው ጥቃት ነገሩን ሁሉ ያሳያል። በሮቢንሰን ራይዝነር የተመሩ 79 አውሮፕላኖች፣ ከእነሱም ውስጥ 46ቱ ኤፍ-105 ሆነው፣ ድልድዩን በቡልፐፕ ሚሳይሎችና በቦምብ ደበደቡት፤ ድልድዩ ግን አልወደቀም። በማግሥቱ ሲመለሱ ሁለት ኤፍ-105ዎች በሚግ-17 ተመትተው ወደቁ። ሚግ-17 ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚበርና በዕድሜም የቀደመ አውሮፕላን ነው። በከባድ ጭነት ወደ ዒላማ የሚያዘግምን አውሮፕላን ከኋላ ለመምታት ግን ከዚያ በላይ አያስፈልገውም ነበር። ድልድዩ ከጥቅም ውጪ የሆነው በ1972 በሌዘር የሚመሩ ቦምቦች ሲመጡ ነው። ይህም ማለት በእነዚያ ዓመታት ስንት አብራሪዎች ወደዚያ የተላኩት በጊዜው ያልነበረን ትክክለኛነት በብዛት ለመተካት ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ብዙ ሰው ኤፍ-105ዎችን የፈጀው ሚሳይል ወይም ሚግ ይመስለዋል። ከሁሉ ይልቅ የጣላቸው ግን የፀረ-አውሮፕላን መድፍ ነው። ሚሳይሉ ያደረገው ወደ መድፉ መንዳት ነበር። ሶቪየት ሠራሹ ኤስ-75 ሚሳይል በመካከለኛና በከፍተኛ ከፍታ ላይ አደገኛ ስለነበረ አብራሪዎቹ ከእሱ ለማምለጥ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ከታች ደግሞ ከቀላል መትረየስ ጀምሮ በራዳር እስከሚመሩ ከባድ መድፎች ድረስ ተጠምደው ይጠብቃሉ። በሐምሌ 27 ቀን 1965 በሚሳይል ጣቢያዎች ላይ ዝቅ ብለው ጥቃት ያደረሱት ኤፍ-105ዎች በአንድ ቀን ስድስት አጡ፤ ከጣቢያዎቹ አንዱም ለማታለል የቆመ ነበር።

የአውሮፕላኑ የራሱ ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ልሸፍነውም አልፈልግም። ኤፍ-105 ሁለት ዋና የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች ነበሩት፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲሠራ። ነገር ግን ቧንቧዎቻቸው ተጠጋግተው የተዘረጉ ስለነበሩ አንድ የጥይት ፍንጣሪ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ሊቆርጣቸው ይችል ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ የጅራቱ አግድም ክንፍ ከቁጥጥር ይወጣል፤ አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፤ አብራሪው ከመዝለል በቀር ምርጫ አይኖረውም። የነዳጅ ታንኮቹም ሲበሱ ራሳቸውን የሚደፍኑ አልነበሩም። ንድፉ የታሰበው አንድ ጊዜ ሳይታይ ገብቶ ለሚወጣ አውሮፕላን እንጂ በየዕለቱ የጥይት ዝናብ ውስጥ ለሚያልፍ ስላልነበረ፣ ከጥይት መከላከል በቅድሚያ አልተያዘም። በኋላ የሃይድሮሊክ ግፊት ሲጠፋ ጅራቱን በቦታው የሚቆልፍ የመጠባበቂያ ሥርዓት ተጨመረ፤ በዚህም ቢያንስ ከዒላማው ርቆ፣ የነፍስ አድን ቡድን ሊደርስበት በሚችል ቦታ ለመዝለል ጊዜ ተገኘ። ይህ ማሻሻያ ከመምጣቱ በፊት ግን ብዙ ሰው ጠፍቷል።

ከዚህ በላይ የከበደው የግዳጁ አመራር ነው። የዒላማ ዝርዝር ከዋሽንግተን ይመጣ ነበር፤ በሃኖይ፣ በሃይፎንግና በቻይና ድንበር ዙሪያ የተከለከሉ ክልሎች ነበሩ፤ የሚግ ማረፊያዎች ራሳቸው እስከ 1967 ድረስ እንዳይነኩ ተወስኖ ነበር። ጥቃቶቹ በተለመደ ሰዓት፣ በተለመደ ከፍታና በተለመደ መንገድ ይካሄዱ ነበር። ከሃኖይ ሰሜን ምዕራብ ያለው የታም ዳኦ ተራራ ሰንሰለት ከራዳር መከለያ ሆኖ ስላገለገለ በአብራሪዎቹ ዘንድ በአውሮፕላኑ ቅጽል ስም «ተድ ሪጅ» እስከመባል ደርሷል። ልማዱ ምን ያህል የታወቀ እንደነበረ ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ግን ኦፕሬሽን ቦሎ ነው። በጥር 2 ቀን 1967 በሮቢን ኦልድስ የተመሩ ኤፍ-4 ፋንተሞች የኤፍ-105ዎችን መንገድና አበራረር አስመስለው፣ እነሱ የሚሸከሙትን የራዳር ማወኪያ ተሸክመው ገቡ፤ ቦምብ የጫኑ ኤፍ-105ዎች መስለዋቸው የወጡት ሚግ-21ዎች ተጠምደው ቆዩ፤ አሜሪካኖቹም ሰባት ሚግ መጣላቸውን መዘገቡ። ጠላት መንገዱን በቃሉ ባያውቀው ኖሮ ይህ ወጥመድ አይሠራም ነበር።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከ380 የማያንሱ ኤፍ-105ዎች ጠፍተዋል፤ ከእነዚህም በስልሳዎቹ የሚቆጠሩት ከውጊያ ውጪ በደረሱ አደጋዎች ናቸው። ይህ ከ833ቱ ጋር ሲነጻጸር የሚያስደነግጥ ነው። ነገር ግን አውሮፕላኖቹ ከ20,000 በላይ የውጊያ ግዳጅ ፈጽመዋል፤ በአንድ ግዳጅ የመመታት ዕድሉ ሲሰላ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታይ ቁጥር ሲደጋገም ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ያስፈልጋል። በሰሜን ቬትናም ላይ የሚበር አብራሪ ወደ አገሩ የሚመለሰው 100 ግዳጅ ሲሞላ ነበር። በአንዱ ግዳጅ የመመታት ዕድሉ ከመቶ አንድ ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ መቶውን ሳይመታ የሚጨርስበት ዕድል ከመቶ 37 ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የጠፋው ቁጥር የሚናገረው ስለ አውሮፕላኑ ድክመት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ሰማይ ላይ ከማንም በላይ የተላከው እሱ መሆኑንም ይናገራል።

ኤፍ-105 በተዋጊነቱ ምን ያህል ነበር የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። አየር ኃይሉ 27 ከግማሽ ሚግ እንደጣለ መዝግቦለታል፤ ግማሹ ከሌላ አውሮፕላን ጋር የተጋራው ነው። ከእነዚህ 24 ከግማሹ የወደቁት በመድፉ ነው። ሚግ-17ን በመዞር ሊበልጠው ፈጽሞ አይችልም ነበር፤ ያሸነፈው ሚጉ ከፊቱ ሲያልፍ ወይም ሌላውን ሲያሳድድ በፍጥነት ደርሶ በመምታት ነው። በዚያ ዘመን ፋንተም ያለ መድፍ ወደ ጦርነቱ መግባቱን ለሚያስታውስ ሰው የቩልካን መኖር ትልቅ ነገር ነበር።

በ1966 መጨረሻ የራዳር ማወኪያ መሣሪያዎች በክንፉ ሥር መሰቀላቸው ሁኔታውን በግልጽ ለውጦታል። አራት አውሮፕላኖች በተወሰነ ርቀት ተራርቀው ሲበሩ ማወኪያዎቻቸው ተደጋግፈው የሚሳይሉን ራዳር ያሳውሩታል፤ ስለዚህ ከቀላል መድፎች ክልል በላይ ሆኖ መግባት ተቻለ፤ ኪሳራውም ቀነሰ። አውሮፕላኑ ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚላክበት መንገድ ነው። በሚያዝያ 1967 ደግሞ በኮራት ባለ ሁለት መቀመጫ ኤፍ-105ኤፎችን በሌሊት ዝቅ ብለው በራዳር እየተመሩ እንዲያጠቁ የማድረግ ሙከራ ተጀመረ፤ የራዳሩ ትክክለኛነት ለአነስተኛ ዒላማ በቂ ስላልነበረ ውጤቱ ውሱን ሆነ። ሐሳቡ ራሱ ትክክል እንደነበረ ግን ኤፍ-111 አሳይቷል፤ በ1972 ወደ ታክሊ የመጡት ኤፍ-111ዎች በሌሊት፣ ለየብቻቸው፣ የመሬቱን አቀማመጥ በራሳቸው በሚከተል ራዳር እየታገዙ ከ4,000 በላይ ግዳጅ ፈጽመው ስድስት ብቻ ጠፉ። ኤፍ-105 ሲነደፍ የታሰበው የውጊያ ስልት ይኸው ነበር፤ የዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ ግን ገና አልደረሰበትም።

ኤፍ-105 ለተከታዮቹ የተወው ትልቁ ነገር ግን ከቦምብ መጣል ጋር አይያያዝም። ባለ ሁለት መቀመጫው ኤፍ ከ1966 ጀምሮ የሚሳይል ጣቢያዎችን ለሚያድነው «ዋይልድ ዊዝል» ለተባለው ግዳጅ ዋለ። ከኋላ የተቀመጠው መኮንን የጠላትን ራዳር ሞገድ እየለየ አቅጣጫውን ይናገራል፤ አውሮፕላኑ ሆን ብሎ ራሱን ለሚሳይሉ ያጋልጥና ራዳሩ ሲበራ ሽራይክ የተባለውን፣ የራዳር ሞገድን ተከትሎ የሚሄድ ሚሳይል ይተኩስበታል። ሽራይክ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ የራዳሩ ሠራተኛ መሣሪያውን ካጠፋው ሚሳይሉ መንገዱን ይስታል። ሆኖም ራዳሩ በጠፋበት ደቂቃ ጣቢያው መተኮስ ስለማይችል፣ ሌሎቹ አውሮፕላኖች ያልፋሉ፤ ዓላማው ግማሽ በግማሽ ተሳክቷል ማለት ነው። እነዚህ ሠራተኞች ከሁሉ በፊት ገብተው ከሁሉ በኋላ የሚወጡ ነበሩ። በሚያዝያ 19 ቀን 1967 ሊዮ ቶርስነስ ሚሳይል ጣቢያዎችን ከመታ በኋላ፣ ከአውሮፕላናቸው የዘለሉ ጓዶቹን ለመጠበቅ ሚጎችን ገጥሞ አንዱን ጣለ፤ ነዳጁ እያለቀም ወደ ውጊያው ተመለሰ። ለዚህ ተግባሩ የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ተሸለመ፤ ሽልማቱ በይፋ የተሰጠው ግን ከዚያ ውጊያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመትቶ ወድቆ፣ እስከ 1973 ድረስ በምርኮ ከቆየ በኋላ ነው።

ኤፍ-105ዲ በ1970 ከቬትናም ጦርነት ወጣ። ከኤፍ-105ኤፍ ተሻሽሎ የተሠራው፣ የማወኪያ መሣሪያና የተሻለ ጸረ-ራዳር ሚሳይል የያዘው ኤፍ-105ጂ ግን በ1972ቱ ዘመቻዎችም ቦምብ ጣዮችን አጅቧል። የመጨረሻዎቹ ኤፍ-105ዎች በተጠባባቂ ኃይሉ ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው በየካቲት 1984 በዩታ ከሚገኘው ሂል የአየር ሰፈር ተሰናበቱ፤ የሚሳይል ጣቢያዎችን የማደን ግዳጁንም ኤፍ-4ጂ ተረከበው።